ካይላ ሜዳ፦ ድንጋዩን ማን ጠረበው?

ከእንጅባራ ተነስቶ በአንድ ቀን ጎንደር መግባት የፈለገ ሰው ገና ሳይነጋ መናኸሪያ መገኘት አለበት። ዳንግላ ላይ ሻይ ይጠጣል፤ መራዊን አልፎ ባሕር ዳር ይገባል፤ ከዚያ ጣናን በግራው እያየ ወረታን፣ አዲስ ዘመንን፣ ማክሰኚትን ያልፍና አዘዞ ላይ ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ የጎንደር ሰገነቶች ይታዩታል። መንገዱ አዲስ ቢመስልም ጉዞው የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1770 የዓባይን ምንጭ ፍለጋ ግሽ ድረስ የወረደው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ፣ የአገው ምድር ሰዎች ማር፣ ቅቤ፣ ሰም፣ ቆዳና ከብት ይዘው ጎንደር ድረስ እየዘለቁ ዋና ከተማዋን እንደሚቀልቡ ጽፏል። ስለዚህ የአዊ አገው ልጅ ጎንደር ሲገባ እንግዳ አይደለም። ቅድመ አያቱ ገበያዋን ያውቁታል።

እኔ ዛሬ የማስጎበኛችሁ ግን ገበያውን አይደለም፤ ግንቡንም ቢሆን እግረ መንገዴን ነው የማሳያችሁ። የምፈልገው የአይሁድ ሰፈሩን ነው።

በሌላው ዓለም የአይሁድ ሰፈር መጎብኘት ራሱን የቻለ ሙያና ንግድ ሆኗል። ቬኒስ እ.ኤ.አ. በ1516 አይሁዶቿን በአንዲት ደሴት ሰብስባ፣ ማታ ማታ በር የምትዘጋበት ሰፈር አቋቋመች። ዛሬ ጎብኚው በሩ የነበረበት ቦታ ላይ ቆሞ ፎቶ ይነሳል። «ጌቶ» የሚለው የዓለም ቃል የተወለደውም እዚያ ነው፤ ብዙ ሊቃውንት እንደሚስማሙበት፣ ሰፈሩ የተቆረቆረበት ቦታ ቀድሞ የብረታ ብረት ማቅለጫ ስለነበር ስሙን ከማቅለጫው ወረሰ። ሞሮኮ ውስጥ ፌዝ ከተማ ደግሞ ከ15ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ከቤተ መንግሥቱ ጥግ የአይሁድ ሰፈር አለ። ፕራግ በ13ኛው መቶ ዘመን የተሠራ ምኩራብ እስከ ዛሬ ቆሞላታል፤ የመቃብር ድንጋዮቿ እርስ በርስ ተደጋግፈው እንደ ጥርስ ተሰድረዋል። በእነዚህ ከተሞች አስጎብኚው ጣቱን ወደ ድንጋይ ይቀስራል። «ይህን እነሱ ሠሩት፣ እዚህ ጸለዩ፣ እዚህ ተቀበሩ» ይላል።

ጎንደር ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ድንጋዩ አለ፤ ግን በነገሥታቱ ስም ይጠራል። ድንጋዩን ከጠረቡት መካከል የነበሩት ሰዎች የኖሩት በሣር ጎጆ ስለነበር፣ ሰፈራቸው እንደ ሣሩ ጠፍቷል። የቀረው ስም ነው፦ ካይላ ሜዳ።

ጉብኝቱ የሚጀመረው እንደማንኛውም ሰው ከፋሲል ግቢ ነው። ዙሪያው በ900 ሜትር አጥር የተከበበ፣ እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ግቢ ነው። አስጎብኚያችን ወጣት ነው፤ «ጋሼ» ይለኛል፤ ነገሥታቱን ከነዘመናቸው በቃሉ ያውቃቸዋል። ፋሲለደስ፣ አንደኛ ዮሐንስ፣ ታላቁ ኢያሱ፣ ዳዊት፣ በካፋ፣ ምንትዋብ እያለ እንደ መቁጠሪያ ያወርዳቸዋል። የመጀመሪያው ግንብ ንድፍ የህንዳዊ ነው እንደሚባል፣ ኖራ መቀላቀል ደግሞ በፋሲለደስ አባት በሱስንዮስ ዘመን እንደተለመደ ይነግረናል። መልካም። ታዲያ ድንጋዩን ማን ጠረበው? እንጨቱንስ ማን አገጣጠመው? ብዬ ስጠይቀው ፈገግ አለ። «ካይሎቹ ናቸው ይባላል ጋሼ» አለኝ፤ በፕሮግራሙ ግን ይህ አልነበረም።

«ይባላል» ብቻ አይደለም። የታሪክ ጥናቱም የቃል ትውፊቱም፣ ካይሎች የሚባሉት የኢትዮጵያ አይሁድ፣ ቤተ እስራኤሎች፣ ግንበኛና አናጺ ሆነው የጎንደርን ነገሥታት ማገልገላቸውን ይስማሙበታል። ከሙያው አለቆች መካከል «በጅሮንድ» እና «አዝማች» የሚል ማዕረግ ያገኙ ነበሩ። እነዚህ ሰዎች ወደ ግንባታ የገቡት ግን የእጅ ሥራ ስለጣማቸው ብቻ አይደለም። ከዚያ በፊት በሰሜን ተራሮች የራሳቸው ገዢዎች ነበሯቸው። በ16ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ዐፄ ሠርጸ ድንግል፣ ቀጥሎም በ17ኛው መጀመሪያ ዐፄ ሱስንዮስ ዘምተውባቸው መሪያቸው ጌዴዎን ወደቀ። ከሽንፈቱ ጋር ርስታቸውም ሄደ። ርስት የሌለው ገበሬ በዚያ ዘመን ምን ነበር? የሰው መሬት እያረሰ የሚገብር ጭሰኛ፣ አለዚያም እጁን የሚሸጥ ባለሙያ። ቤተ እስራኤሎቹ ሁለቱንም ሆኑ። ፋሲለደስ እ.ኤ.አ. በ1636 ገደማ ከተማዋን ሲቆረቁር፣ መሬት የሌላቸውና እጃቸው የሰላ ሰዎች ከደጁ ነበሩ።

«ፈላሻ» የሚለው ስምም ከዚሁ ከርስት ማጣት ጋር ተያይዞ ይተረካል። በ15ኛው መቶ ዘመን ዐፄ ይስሐቅ፣ የተጠመቀ የአባቱን ርስት ይውረስ፣ እምቢ ያለ ፈላሲ ይሁን አለ ይባላል። «ካይላ» ደግሞ ከአገው ቋንቋ የመጣ ሆኖ «አልተሻገረም» ማለት ነው፣ በሰንበት ወንዝ አልሻገርም ካሉ አባቶች የወጣ ስም ነው የሚል ትርጓሜ አለው። እነሱ ግን ራሳቸውን የሚጠሩት ቤተ እስራኤል ብለው ነው።

ከግቢው ወጥተን በእግር ስንሄድ ጎንደር በሰፈር የተከፋፈለች ከተማ መሆኗ ይታወቃል። የጳጳሱ ሰፈር አቡን ቤት፣ የእጨጌው ሰፈር እጨጌ ቤት፣ የሙስሊሞቹ ሰፈር አዲስ ዓለም። ይህ ክፍፍል በአጋጣሚ የመጣ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1668 በአንደኛ ዮሐንስ ዘመን በጎንደር የተሰበሰበ ጉባኤ ፈረንጆቹ ካቶሊኮች ከአገር እንዲወጡ፣ ሙስሊሞችና ካይሎች ደግሞ ከክርስቲያኑ ተለይተው በየራሳቸው ሰፈር እንዲኖሩ ወሰነ። ውሳኔው ከ10 ዓመት በኋላ እንደገና ታወጀ፤ አዋጅ የሚደገመው ደግሞ ሰው አልሰማ ሲል ነው። ቬኒስ በር ዘጋች፣ ጎንደር አዋጅ አስነገረች። የጎንደሩ ሰፈር በር እንኳ አልነበረውም፤ ስሙ «ሜዳ» ነው።

ካይላ ሜዳ ላይ ቆማችሁ ብትፈልጉ ምኩራብ አታገኙም፤ የመቃብር ድንጋይም የለም። ቤት፣ ቆርቆሮ፣ ልብስ ማስጫ፣ ልጆች። ሰፈሩ ውስጥ ጥቂት ተዘዋውረን ተመለስን። ከዚህ በላይ የሚታይ የለም፤ ያላየነውን አይተናል ማለት አያስፈልግም።

የሚታይ ነገር ለሚፈልግ ከከተማው በስተሰሜን ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ብሎ ወለቃ አለች። እዚያ መንገድ ዳር ምልክት ተሰቅሏል፦ «ፈላሻ መንደር»። ጎጆዎቹ ደጅ ላይ የሸክላ ሥራ ተደርድሯል፤ ጥቁር ተደርጎ የተጠበሰ፣ የተወለወለ። የይሁዳ አንበሳ አለ። የሰው ራስ አለ። ንጉሥ ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባ በአንድ አልጋ የተኙበት አለ፤ ይኸኛው በጎብኚ ዘንድ ብዙ ጊዜ ተፈላጊ ነው፣ እኔን ግን አልማረከኝም። ጭቃው ተቦክቶ፣ እንዳይሰነጠቅ ከተፈጨ ገል ጋር ተቀላቅሎ፣ እንደ እባብ እየተጠቀለለ በእጅ ይነሳል፤ ደርቆ ተወልውሎ በኩበትና በእንጨት ይቃጠላል። ያለ መንኮራኩር፣ ያለ እቶን። ከእንጅባራ ዙሪያ ገበያ ምጣድና ጀበና ይዘው የሚቀመጡት እናቶችም ሲሠሩ እንዲሁ ነው።

ከአንዷ ጎጆ አናት ላይ ስድስት ጫፍ ያለው ኮከብ ቆሟል። ኮከቡ የአይሁድ ማኅበር ምልክት ሆኖ መጀመሪያ የተለመደው በፕራግ እንደሆነ ታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ፤ ስለዚህ ወለቃ ላይ የምታዩት ምልክት በአውሮፓ በኩል ዞሮ የመጣ ነው። ቤተ እስራኤሎች የጸሎት ቤታቸውን «መስጊድ» ነበር የሚሉት፤ ስሙ ሙስሊሙ ከሚጠቀምበት ጋር አንድ ነው፤ መስገጃ ማለት ነው። መጽሐፋቸው ኦሪት ነው፤ የተጻፈውም በዕብራይስጥ አልነበረም፣ በግዕዝ እንጂ። መሪዎቻቸው ቄሶች ይባላሉ፤ መነኮሳትም ነበሯቸው። ከዓለም አይሁድ መካከል ምንኩስና የነበረው እነሱ ጋ ብቻ ነው ማለት ይቻላል።

የመንደሩን አሠራር ለማየት ዓይን ሳይሆን ወሬ ያስፈልጋል። ከመንደሩ ዳር የመርገም ጎጆ ይሠራ ነበር፤ ሴቶች በወር አበባቸውና በወለዱ ጊዜ ቀናቸው እስኪሞላ የሚቆዩበት። መንደሩ በወንዝ አቅራቢያ የሚመሠረተውም ለዚሁ ነው፤ ከእንግዳ ጋር የተነካካ፣ ከገበያ የተመለሰ ሰው ሳይታጠብ ቤቱ አይገባም። ልማዱን ጎረቤቶቻቸው «አትንኩኝ» ብለው ሰየሙት። ክርስቲያኑ ይርቃቸው ነበር፤ እነሱም ይርቁት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1668 የታወጀው መለያየት ከሁለቱም ወገን ጠባቂ ነበረው።

አንድ ነገር ግን ከአንድ ወገን ብቻ ነበር፤ ቡዳ መባሉ። ቀን ብረት ይቀጠቅጣል፣ ሌሊት ጅብ ሆኖ ይወጣል ተባለ። ዳንግላ ወይም እንጅባራ ያደገ ሰው ይህን ታሪክ ለማወቅ ጎንደር መሄድ አያስፈልገውም። በእኛም አካባቢ ማረሻ የሚያቀናውን፣ ሸክላ የምትሠራዋን በዚሁ ስም የጠራ፣ ልጁን ከደጃቸው የጠራ ብዙ ነው። ወናፍ የሚያናፋው ሰው ባይኖር ማረሻ የለም፤ ማረሻ ባይኖር እህል የለም፤ ሆኖም የሚበላው ሁሉ ቡዳ ይለዋል። ከባዱ ነገር ስሙ የከበደባቸው ጊዜ ነው። ነገሥታቱ ግንብ በሚያሠሩበት ዘመን ግንበኛ ማዕረግ ነበረው። ዘመነ መሳፍንት መጥቶ ግንባታው ሲቆም፣ እነዚያ እጆች ወደ ብረትና ወደ ሸክላ ወረዱ፤ ከሥራው ጋር ክብሩም ወረደ፣ የቡዳው ወሬም በረታ። ይህን ሳያውቅ የጎንደርን ግንብ የሚጎበኝ ሰው ግማሹን ነው ያየው።

ከዚያ በኋላ መከራ በመከራ ላይ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1862 አባ ማሕሪ የተባሉ መነኩሴ ሕዝባቸውን አስነስተው በእግር ወደ ኢየሩሳሌም ጉዞ ጀመሩ፤ ባሕሩ እንደ ሙሴ ዘመን ይከፈልልናል ብለው። ትግራይ ላይ በረሃብና በበሽታ ብዙዎቹ አለቁ። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ጎንደርን አቃጠሉ፤ የከብት እልቂት ተከተለ፤ አገሩ ሁሉ «ክፉ ቀን» ብሎ የሚጠራው ረሃብ መጣ። ቤተ እስራኤሎቹም አብረው ረገፉ። ያን ጊዜ የቀሩትን ሊያገኝ ዣክ ፋይትሎቪች የተባለ ከፖላንድ የተነሳ አይሁዳዊ እ.ኤ.አ. በ1904 መጣ። ልጆች ወስዶ አስተማረ፤ ከእነሱ አንዱ ታምራት አማኑኤል በኋላ አዲስ አበባ ትምህርት ቤት መርተዋል። እዚሁ ወለቃ የተወለዱት አቶ ዮና ቦጋለም ከዚያው ጅማት የወጡ ናቸው፤ የሕዝባቸው ጉዳይ በዓለም እንዲሰማ ዕድሜያቸውን ሙሉ ደከሙ፤ ያረፉትም በእስራኤል ነው።

ከወለቃ የወጣ ሰው ስለ ሌላዋ የቤተ እስራኤል መንደር ስለ አምቦበር ሳይሰማ አይቀርም። ስግድ በሚባለው በዓል፣ ከማስተስረያው ጾም ከ50 ቀን በኋላ፣ እዚያ ቄሶቹ ኦሪት ተሸክመው ተራራ ይወጡ ነበር፤ ሕዝቡ ድንጋይ ተሸክሞ ይከተል ነበር፤ ጾሙ ሲፈታ ምግብ ይቀርብ ነበር። ስሙ ግዕዝ ነው፤ የእኛ «ሰገደ»። እስራኤል ይህን በዓል እ.ኤ.አ. በ2008 የመንግሥት በዓል አድርጋ ተቀብላዋለች፤ ዛሬ በኢየሩሳሌም ኮረብታ ላይ ይከበራል። ተራራው ተሰደደ ማለት ነው።

ሕዝቡም። መሬት ለአራሹ በየካቲት 1967 ዓ.ም. ሲታወጅ ርስት ያጡበት ዘመን ከ300 ዓመት በላይ ሆኖት ነበር፤ መሬት አገኙ። ብዙም ሳይቆዩበት ረሃብና ጦርነት መጣ፤ ወደ ሱዳን በእግር ነጎዱ። «የሙሴ ዘመቻ» በኅዳር 1977 ዓ.ም. ተጀምሮ በታኅሣሥ መጨረሻ ወሬው ሲወጣ ቆመ፤ ወደ 8,000 ሰው ከሱዳን ወደ እስራኤል አጓጓዘ። መንገድ ላይና በሱዳን መጠለያ የሞቱት ወደ 4,000 እንደሚደርሱ ይገመታል። መታሰቢያቸው በኢየሩሳሌም ሄርዝል ተራራ ላይ ቆሟል፤ ከተነሱበት መንደር ይልቅ እዚያ ሄዶ ማየት ይቀላል። ቀጥሎ ግንቦት 16 ቀን 1983 ዓ.ም. መጣ። መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ከሦስት ቀን በፊት ሸሽቷል፤ ኢሕአዴግ አዲስ አበባ በር ላይ ነው። በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤሎች ከቦሌ ወደ እስራኤል ተነሡ። ወንበር ተነቅሎ በነበረ በአንድ ቦይንግ 747 ብቻ ከ1,080 በላይ ሰው ተጭኖ ነበር፤ አየር ላይ የተወለዱ ሕፃናትም ነበሩ። ኢሕአዴግ ግንቦት 20 ከተማዋን ያዘ። ወለቃ ባዶ ሆነች። ዛሬ ሸክላ የሚሸጡላችሁ አብዛኞቹ ክርስቲያኖች ናቸው፤ ሙያውን ከጎረቤት ወርሰውታል፣ ኮከቡንም አብረው። እኔ በዚህ አልቆጣም። ሙያ ባለቤቱ ሲሄድ ለቀረው ይቀራል፤ ዋጋውን ግን ጎብኚው ሲከራከር ባየው አፍራለሁ።

ጎንደር ግን ሙሉ በሙሉ አልተለቀቀችም። አያቶቻቸው በሚሲዮን ዘመን ወይም በኑሮ ግፊት ክርስትና የተቀበሉ ቤተሰቦች ዛሬ ወደ አባቶቻቸው እምነት ተመልሰው፣ ከተማ ውስጥ ባለ ምኩራብ በዕብራይስጥ እየጸለዩ ጉዞ ይጠብቃሉ። ወንድም ሄዶ እህት የቀረች፣ እናት ሄዳ ልጅ የቀረ አለ። እስራኤል ውስጥ ደግሞ ኢትዮጵያዊ መሠረት ያላቸው ሰዎች ከ160,000 በላይ ሆነዋል።

ወደ መጣንበት እንመለስ። አስጎብኚዬን ሻይ ጋበዝኩትና ከየት እንደመጣሁ ነገርኩት። «አገውኛ ትችላላችሁ?» አለኝ። አዎን አልኩት። ቀጥሎ የነገርኩት እሱን ያስገረመውን ያህል እኔንም መጀመሪያ ስሰማው አስገርሞኝ ነበር። ቤተ እስራኤሎች ከአማርኛና ከትግርኛ በፊት ይናገሩ የነበረው ቋንቋ የአገው ቋንቋ ነው። ቋራኛ ወይም ካይልኛ ይባላል፤ ከቅማንት ቋንቋ ጋር የአንድ ቤት ልጅ ሲሆን፣ የዋግ ኽምጣኛ፣ የኤርትራ ብሌንና የእኛ አውኚ ደግሞ የአጎት ልጆቹ ናቸው። ውሃን አውኚ «አጉ» ወደሚል ድምፅ ሲጠራው፣ ቅማንትኛውም ቋራኛውም ከዚያ አይርቁም። ሚሲዮናዊው ፍላድ እ.ኤ.አ. በ1866 የቃላት ዝርዝሩን አሳትሟል፤ ሌላው ሊቅ ራይኒሽ እ.ኤ.አ. በ1885 ጥናቱን አስፋፋው። የቤተ እስራኤል ቄሶች በግዕዝ በሚያነቡት ጸሎት መሐል የአገው ቋንቋ ቁራጮች ሳይለወጡ ቀርተዋል፤ ትርጉሙ ለብዙዎቹ ጠፍቶባቸው እንኳ ድምፁን ጠብቀውት ኖረዋል።

የኛን አውኚስ ሰዋስው ለዓለም በጥልቀት ያሳየው ማነው? ቡዳፔስት ተወልዶ በኢየሩሳሌም የተማረ ሮበርት ሄትስሮን የተባለ ሊቅ ነው፤ የአውኚን የግስ ሥርዓት የሚተነትነው መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1969 ወጣ። የአይሁድ ሰፈር ፍለጋ ከእንጅባራ ጎንደር የወጣሁት እኔ ነኝ፤ እሱ ግን ከሁላችን ቀድሞ የኛን ቋንቋ ፍለጋ መጥቶ ነበር።

ቋራኛ ዛሬ የሚናገረው የለም ማለት ይቻላል፤ ቅማንትኛም ጥቂት ሽማግሌዎች ዘንድ ነው የቀረው። አውኚ በእንጅባራና በዳንግላ ትምህርት ቤት ሕፃናት ይማሩበታል፤ ጥር 23 ቀን የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በእንጅባራ ሲሰበሰቡም ይሰማል። ስለዚህ እናንተ የአዊ ልጆች ጎንደር የሄዳችሁ እንደሆነ፣ ፋሲል ግቢ ስትገቡ አስጎብኚውን «ድንጋዩን ማን ጠረበው?» ብላችሁ ጠይቁት፤ ካይላ ሜዳንም ያሳያችሁ። ምንም እንደሌለ ቢነግራችሁም ሂዱ። ወለቃ ደርሳችሁ ጀበና ከገዛችሁ በዋጋው አትከራከሩ።